ደም ሥሩ ይመለሳል፤ የአንጎል ሕዋስ ግን አይመለስም

አንዲት እናት በሰላም ከተገላገለች ገና ሳምንቷ ነው እንበል። ሕፃኗን አጥብታ ቀና ስትል፣ በሕይወቷ አይታው የማታውቀው ራስ ምታት በድንገት ይወርድባታል። ሕመሙ ቀስ በቀስ የሚብስ አይደለም፤ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ከመጨረሻው ደረጃ ይደርሳል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ጋብ ይላል፤ በማግስቱ ሊመለስም ይችላል። ቤተሰቡ «ምች ነው» ወይም «የአራስ ድካም ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ነገር ግን መታለፍ የለበትም።

የሕክምና ባለሙያዎች ይህን ዓይነቱን ሕመም ከፍጥነቱ የተነሣ መብረቃዊ ራስ ምታት ይሉታል። ከምክንያቶቹ አንዱ የአንጎል ደም ሥሮች ለጊዜው መጥበብ ነው። በግድግዳቸው ያለው ጡንቻ ያለአግባብ ሲኮማተር፣ በአንጂዮግራፊ ምስል ላይ እዚህ ጠብበው እዚያ ሰፍተው በክር የተሰካ ዶቃ ይመስላሉ። ኮል፣ ፍሌሚንግና ባልደረቦቻቸው ሁኔታውን እ.ኤ.አ. በ1988 ገልጸውታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ በልዩ ልዩ ስሞች ይጠሩ የነበሩ ተመሳሳይ ሕመሞች በአንድ ስያሜ ተጠቃለሉ። በስያሜው ውስጥ «ተመላሽ» የሚል ቃል የገባው፣ ሥሮቹ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር ውስጥ ወደ ቀድሞ ስፋታቸው ስለሚመለሱ ነው።

የሚመለስ ከሆነ ስለምን እንሰጋለን? መልሱ ከፊዚክስ ይገኛል። ፈረንሳዊው ሐኪምና ተመራማሪ ፕዋዜይ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎችን መርምሮ፣ ግፊቱ እኩል ሆኖ ሳለ የፈሳሹ ፍሰት ከቱቦው ራዲየስ 4ኛ ርቢ ጋር እንደሚመጣጠን ደረሰበት። ራዲየሱ በ20 በመቶ ቢቀንስ ፍሰቱ ወደ 41 በመቶ ይወርዳል፤ በግማሽ ቢቀንስ ከ16 እጅ አንዱ ብቻ ይቀራል። እርግጥ ደም ውኃ፣ ሥሩም መስታወት አይደለም፤ አንጎልም ሌሎች ሥሮችን በማስፋት ጉድለቱን ለማካካስ ይሞክራል። ማካካሻው ሳይበቃ ሲቀር ግን ስትሮክ ሊከተል ይችላል። የሰውነት መንቀጥቀጥና የደም መፍሰስም ከሚያሰጉት ጉዳቶች መካከል ናቸው።

የደም ሥርን የሚያኮማትሩ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ አንዳንድ የአፍንጫ መክፈቻዎች፣ ሕመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ። ኧርጎት ከተባለው የእህል ሻጋታ የተገኙ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው። የሻጋታውን ኃይል አገራችን ታውቀዋለች፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መገባደጃ በወሎ በዚሁ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎች የደም ሥራቸው ጠብቦ እጅና እግራቸው እስከ መሞት ደርሶ ነበር። ይሁንና በሐኪም እጅ በመጠኑ ሲሰጥ የወሊድ ደም መፍሰስን አቁሞ የእናቶችን ሕይወት ያድናል። ስለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒቱን መፍራት ሳይሆን ምን እንደተወሰደ ማወቅ ነው።

መብረቃዊ ራስ ምታት ከፈነዳ የደም ሥር፣ በአንጎል ከረጋ ደም ወይም ከወሊድ ጋር ከተያያዘ የደም ግፊትም ሊመጣ ስለሚችል በግምት አይለይም። የመጀመሪያው ምስል ጤናማ ቢመስልም መጥበቡ ከቀናት በኋላ ሊጎላ ስለሚችል ምርመራው ሊደገም ይገባል። ደም በጠባብ ቦታ ሲያልፍ ፍጥነቱ ስለሚጨምር፣ ሁኔታውን በዶፕለር አልትራሳውንድ ከራስ ቅል ውጭ ሆኖ መከታተል ይቻላል።

አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ አራስ ብትኖርና እንዲህ ያለ ሕመም ቢይዛት፣ እስኪያልፍ አትጠብቅ። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ፤ መቼ እንደወለደችና ምን መድኃኒት እንደወሰደችም ይነገርላት።