ስልኩ ይፈጥናል፣ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል፦ የዋይፋይ ካርድ መቀየር ያለበት መቼ ነው?

ቤት ውስጥ አዲስ ራውተር ገብቷል። ስልካችሁ ላይ ቪዲዮው ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ላፕቶፑን ስትከፍቱ ግን ያው የድሮው ነገር ነው፤ ክቧ ምልክት ትሽከረከራለች። ብዙዎቻችን ወዲያው የምንጠረጥረው ኔትወርኩን ነው። ጥፋተኛዋ ግን ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለች ትንሽ የዋይፋይ ካርድ ልትሆን ትችላለች።

ዛሬ ይህቺን ካርድ መቀየር መቼ እንደሚያዋጣ፣ መቼ ደግሞ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መተው እንደሚሻል እናያለን።

ፍጥነቱን የሚወስነው ደካማው ነው

ኢንተርኔት ላፕቶፓችሁ ጋ እስኪደርስ ሦስት በር ያልፋል፦ የከፈላችሁበት ፓኬጅ፣ ራውተሩ እና የላፕቶፑ ካርድ። ከሦስቱ ጠባቡ በር የሁሉንም ፍጥነት ይወስናል። ፓኬጃችሁ በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ውድ ካርድ ብትገዙ 20 አይሆንም።

እዚህ ጋ አንድ ነገር እንዳትሳሳቱ። ፓኬጅ የሚሸጠው በሜጋ ቢት ነው፤ ፋይል ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋ ቢት ያለው ሰው በሰከንድ 12 ሜጋ ባይት ገደማ ቢያወርድ ካርዱ ጤነኛ ነው፣ ማንም አልሰረቀውም።

ካርዶቹስ በምን ይለያያሉ?

ዋይፋይ 4 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀ ነው። ዋይፋይ 5 በ2013 መጣ፤ ዋይፋይ 6 ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ተስፋፋ። በተለይ ርካሽ የሆኑ ስላሽ ላፕቶፖች ውስጥ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ብቻ የሚሠራ፣ ባለ አንድ አንቴና የዋይፋይ 4 ካርድ ታገኛላችሁ። በተለመደው አሠራር የዚህ ካርድ ጣሪያ ወረቀት ላይ 72 ሜጋ ቢት ነው፤ በተግባር የምታገኙት ግማሹን ቢሆን ነው። 100 ሜጋ ፓኬጅ ገዝቶ በዚህ ካርድ መጠቀም ማለት በሰፊ ቧንቧ የመጣን ውሃ በስትሮ መጠጣት ነው።

ባለ ሁለት አንቴና የዋይፋይ 5 ካርድ ጣሪያው ብዙ ጊዜ 867 ሜጋ ቢት ነው፤ የዋይፋይ 6 ደግሞ 1201፣ ራውተሩ ሰፊውን ቻናል ከፈቀደ 2402 ይደርሳል።

የኮንዶሚኒየም ነዋሪዎች ደግሞ ሌላ ምክንያት አላችሁ። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይረባበሹ ቻናሎች 3 ብቻ ናቸው። የፎቁ ሰው ሁሉ ራውተር፣ ብሉቱዝ እና ማይክሮዌቭ እዚያው ይጋፋል። ባለ 5 ጊጋ ኸርዙ ሰፊ ቦታ አለው፤ ጉዳቱ ግድግዳ ሲበዛ ቶሎ መድከሙ ነው። ስለዚህ ፓኬጃችሁ ትንሽ ቢሆንም እንኳ፣ ማታ ማታ ላፕቶፑ ብቻ የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ 5 ጊጋ የሚይዝ ካርድ ሊገላግላችሁ ይችላል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ

አንደኛ፣ ራውተሩ አጠገብ ሁናችሁ ስልኩንና ላፕቶፑን በየተራ የፍጥነት መለኪያ አስከፍቱ። ሁለቱም ቀርፋፋ ከሆኑ ካርዱን ተዉት። ስልኩ 80 ላፕቶፑ 20 ካሳየ ግን ጉዳዩ ላፕቶፑ ጋ ነው።

ሁለተኛ፣ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙት። በኬብል ከፈጠነ ጥርጣሬው ወደ ዋይፋዩ ይጠጋል።

ሦስተኛ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ዋይፋይ፣ ከዚያ ሃርድዌር ፕሮፐርቲስ ግቡ። የካርዱን ስም፣ የተያያዘበትን ባንድና ሊንክ ስፒዱን ያሳያችኋል። ባንዱ 2.4 ከሆነ መጀመሪያ በራውተሩ 5 ጊጋ ስም ለመግባት ሞክሩ። ችግሩ እዚያው በነጻ ሊፈታ ይችላል። ያ ስም ስልኩ ላይ እየታየ ላፕቶፑ ላይ ጭራሽ የማይታይ ከሆነ ግን ካርዳችሁ ባለ 2.4 ብቻ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ድራይቨሩንም አድሱት።

ልትገዙ ከሆነ ሦስት ወጥመዶች አሉ

አንዱ ቦታው ነው። ከ2015 ገደማ ወዲህ የወጡ ብዙ ላፕቶፖች ኤም ዶት 2 የሚባለውን፣ 22 በ30 ሚሊ ሜትር የሆነውን ካርድ ይቀበላሉ። የቆዩት ሚኒ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለውን ይጠቀማሉ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ብዙ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ካርዱ ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ እሱ አይቀየርም።

ሁለተኛው ስሙ ነው። ኢንቴል ኤኤክስ 210 እና ኤኤክስ 211 በዓይን ሲታዩ መንትያ ናቸው። 210 ራሱን የቻለ ካርድ ስለሆነ ኤኤምዲ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። 211 ግን ግማሽ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ ስለሚተው የሚሠራው በሚደግፉት የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ብቻ ነው። ኤኤክስ 200 እና ኤኤክስ 201ም እንደዚያው ናቸው። በአንዲት ቁጥር ልዩነት ብር ይበላል፤ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ።

ሦስተኛው ባዮሱ ነው። አንዳንድ የቆዩ የሌኖቮ እና የኤችፒ ላፕቶፖች ከፈቀዱት ዝርዝር ውጪ ያለ ካርድ ሲገባባቸው አንነሳም ይላሉ። በድሮ ቲንክፓድ ላይ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር ካያችሁ ነገሩ ይኸው ነው። ከመግዛታችሁ በፊት የላፕቶፑን ሞዴል ስም ጽፋችሁ ሰው ምን እንደገጠመው ፈልጉ።

አቀያየሩስ?

መጀመሪያ የአዲሱን ካርድ ድራይቨር አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ፤ ካርዱ ከተቀየረ በኋላ ኢንተርኔት ላይኖራችሁ ይችላል። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ የባትሪውን ሶኬት አላቁ። ካርዱ የሚያዘው በአንድ ብሎን ነው፤ ላዩ ላይ ሁለት ቀጫጭን የአንቴና ሽቦዎች አሉ። ከመንቀላችሁ በፊት የቱ ሽቦ የት እንደነበረ ፎቶ አንሱ። ስትመልሷቸው በትክክል ከገቡ ቀጭ ይላሉ፤ በጉልበት አትጫኑ፣ ጫፋቸው ከተጣመመ ጣጣው ብዙ ነው። ብሉቱዙም እዚሁ ካርድ ላይ ስለሆነ የሁለቱንም ድራይቨር ጫኑ። እጃችሁን ካላመናችሁ ቴክኒሻን ጋ ውሰዱት፤ ሥራው ረጅም አይደለም።

ካርዱ የተበየደ ከሆነ ወይም መክፈት ከፈራችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ ባለ 5 ጊጋ ዋይፋይ አለ። ዩኤስቢ 3 የሚለውን ምረጡ። ከላፕቶፑ ጎን መውጣቱ ባያምርም ሥራውን ይሠራል።

በአጭሩ፦ እዚያው ቦታ ላይ ስልኩ ፈጥኖ ላፕቶፑ ከዘገየ፣ ባንዱና ድራይቨሩም ተስተካክለው ካልተሻለው ካርዱን ቀይሩ። ሁለቱም ከዘገዩ ግን ያ ብር ለፓኬጁ ይሻላል። ላፕቶፑ የሚያስመርረው ጓደኛ ካላችሁ፣ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይህን አጋሩት።