ከዲሽ ወደ ዳታ

ድራማ ለማየት ሰዓት መጠበቅ፣ ፊልም ለማየት አዳራሽ መግባት ለረጅም ዘመን ግዴታ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መቼ ምን እንደሚታይ የሚወስነው ጣቢያው ነው። የአማርኛ ፊልምም መጀመሪያ በአዲስ አበባ ሲኒማ ቤቶች ይታይና ወደ ክፍለ ሀገር የሚወርደው ቆይቶ፣ በካሴት ወይም በሲዲ ተባዝቶ ነበር። ስትሪሚንግ የሚባለው የኢንተርኔት ሥርጭት ይህን ተራ አፍርሶታል። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ ሲያዩት ያለቀ የሚመስለው ለውጥ በጎጃም የጥኖራ፣ ቢቸና ወይም ሞጣ ላለ ተመልካች ገና ግማሽ ነው። የቀረውን ለመሙላት ከፈጣን ኔትወርክ በተጨማሪ በተመልካቹ አቅም ልክ የተሰናዳ የሽያጭ መንገድ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ከአሠራሩ ይጀምራል። የሳተላይት ሥርጭት እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ነው፤ ሰሚው አሥርም ይሁን አሥር ሺህ የደዋዩ ድካም ያው ነው። ሞጣ ላይ አንድ ዲሽ ቢጨመር የጣቢያው ወጪ አይጨምርም፤ ተመልካቹም ዲሽና ሪሲቨር አንዴ ከገዛ በነጻ ያያል። ቃና ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ይዞ ሲመጣ ብዙ ቤት ቶሎ የገባው በዚሁ መንገድ ነው። በስትሪሚንግ ግን ፊልሙ ጥቂት ሰከንድ በሚረዝሙ ቁርጥራጮች ተከፍሎ፣ እያንዳንዱም በተለያየ የምስል ጥራት ተዘጋጅቶ ሰርቨር ላይ ይቀመጣል። ስልኩ የኔትወርኩን ፍጥነት እየለካ የሚችለውን ይመርጣል፤ ኔትወርኩ ሲደክም ምስሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ለእያንዳንዱ ተመልካች የራሱ ቅጂ ስለሚላክ የአንድ ሰዓት ፊልም በመካከለኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት ዳታ ሊበላ ይችላል። የዳታውን ሂሳብ የሚከፍለው ተመልካቹ ነው።

ስትሪሚንግ ለፊልም ሠሪው ያስገኘው ነጻነት ግን ሊቃለል አይገባም። የጎንደር ተወላጁ ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1993 «ሳንኮፋ»ን ሲያወጣ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊታቸውን ስላዞሩበት ሲኒማ ቤት እየተከራየ ፊልሙን ራሱ አሳየ። ያው ፊልም ታድሶ እ.ኤ.አ. በ2021 በኔትፍሊክስ ቀረበ። ዛሬ አከፋፋይ ያላገኘ ወጣት ሥራውን ዩቲዩብ ላይ ጭኖ በዚያው ቀን ዋሽንግተን ካለ ተመልካች ጋር ይገናኛል። ታዲያ ሠሪው ከማስታወቂያ ገቢ ካገኘ ሌላ ምን ያስፈልጋል ሊባል ይችላል። የማስታወቂያው ዋጋ ግን እንደ ተመልካቹ አገር ይለያያል፤ አሜሪካ ያለ ተመልካች የሚያስገኘው ገቢ ቢቸና ያለው ከሚያስገኘው ይበልጣል። ሠሪው ቀስ በቀስ ገንዘቡ ወዳለበት ቢያዘነብል አይፈረድበትም፤ የሚጎዳው ግን ጎጃም ያለው ተመልካች ነው።

ኔትወርኩ ሲስፋፋ ችግሩ በራሱ ይፈታል የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አገልግሎት መስጠት መጀመሩ ለኢትዮ ቴሌኮም ተወዳዳሪ አምጥቷል። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት ሲባባስ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። በመስመር ብቻ የሚኖር ፊልም መስመሩ ሲዘጋ አብሮ ይዘጋል፤ አስቀድሞ ስልክ ላይ የወረደ ፊልም ግን ይታያል፤ ዲሹም ይሠራል። ስለዚህ ስትሪሚንግ ሳተላይቱን እንዲተካ ከመጠበቅ ሁለቱን ማቀናጀት ይበጃል።

የወረደ ፊልም በፍላሽ እየተባዛ ሠሪውን ያከስራል የሚለው ሥጋት ከባድ ነው። ሆኖም ፊልምና ሙዚቃ ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጭኑ ሱቆች ድሮም አሉ፤ ገበያ ያገኙት ሕጋዊ ሻጭ እዚያ ድረስ ስላልዘለቀ ነው። እነሱን ከማሳደድ ወኪል ማድረግ ይሻላል፦ ፊልሙን አነስተኛ ዳታ በሚወስድ መጠን ማዘጋጀት፣ ለአንድ ፊልም የሚከፈል ዋጋ በብር መቁረጥ፣ በ2013 ዓ.ም. በተጀመረው ቴሌብር ማስከፈል፣ ለሱቁ ከሽያጩ ድርሻ መስጠት፣ ከወራት በኋላም በሳተላይት ለሁሉም ማሳየት። ሞጣ ያለ ሰው ጥቂት ብር ከፍሎ ፊልም ሲያይ ሠሪው ስለ ሞጣ የሚያስብበት ምክንያት ያገኛል። የጎጃም ኑሮ በአማርኛ ፊልም ተገቢ ቦታ የሚኖረው ጎጃም ያለው ተመልካች እንደ ደንበኛ ሲቆጠር ነው።