ተምሩ የመዲና መሆኑን በካሜራ ማወቅ ይቻላልን?

ረመዳን ሲቃረብ «የመዲና ዓጅዋ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ካርቶኖች በየሱቁ ይበዛሉ። ዓጅዋ በሐዲስ ስሙ የተጠቀሰ ተምር በመሆኑ ተፈላጊ ነው፤ ዋጋውም ከፍ ይላል። ታዲያ ፍሬው በእርግጥ ከመዲና መምጣቱን ገዢው በምን ያውቃል? በመቅመስ እንዳይባል፣ እኛም ቀምሰን ተሳስተናል።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ዓጅዋ የዝርያ ስም ነው፤ መዲና ደግሞ የበቀለበት ቦታ። የዓጅዋ ችግኝ ሌላ አገር ተተክሎ ቢያፈራ ፍሬውን ዓጅዋ ማለት ውሸት አይደለም። ውሸት የሚሆነው «የመዲና» ሲባል ነው። የዘረመል ምርመራም ዝርያውን እንጂ ቦታውን አይነግረንም።

ቦታው ግን በፍሬው ላይ አሻራ ይተዋል። አፈሩ፣ ውሃውና ሙቀቱ የስኳሩንና የእርጥበቱን መጠን ይለውጣሉ። ተመራማሪዎች ይህን ልዩነት ፍሬውን ሳይቆርጡ ለማየት ሃይፐርስፔክትራል የተባለ ካሜራ ይጠቀማሉ። የስልካችን ካሜራ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን ብቻ ሲለይ፣ ይህኛው በእያንዳንዷ የምስል ነጥብ ላይ እስከ መቶዎች የሚደርሱ የሞገድ ርዝመቶችን ይመዘግባል። ዓይናችን በማያየው ከ780 እስከ 2500 ናኖሜትር ባለው የኢንፍራሬድ ክልል ውሃና ስኳር ብርሃኑን በየራሳቸው መንገድ ይመጥጣሉ፤ ስለዚህ ተንጸባርቆ የሚመለሰው ብርሃን የፍሬውን ይዘት ይጠቁማል። የሚዘልቀው ግን ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ካሜራው «መዲና» የሚል ጽሑፍ ፍሬው ላይ አያነብም። ኮምፒውተሩ ከታወቁ እርሻዎች በተለቀመ ተምር አስቀድሞ ይሠለጥናል፤ ከዚያ አዲሱን ያነጻጽራል። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአየሩ ሁኔታ በየዓመቱ ይለያያል፣ መጋዘን የቆየ ተምር እርጥበቱን ያጣል። የአምናን ፍሬ ብቻ ያየ ማሽን ዘንድሮ ሊሳሳት ይችላል፤ ከማያውቀው እርሻ የመጣውንም ከሚያውቃቸው በአንዱ ሊመድበው ይችላል። በእኛ እይታ፣ አጠራጣሪውን ካርቶን ለመለየት ይጠቅማል፤ ነጋዴን አጭበርባሪ ለማለት ግን አይበቃም። ለዚያ የማዕድናትና የአይሶቶፕ ምርመራ ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ፍሬውን መፍጨት ይጠይቃል።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ውስጡን እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት፣ ሻጩንም እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው እንደጠየቁት ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። የፍሬውን ምንጭ በሰነድ የማያውቅ ሻጭም «ዓጅዋ» ብሎ ይሽጥ እንጂ «የመዲና» አይበል። ገዢውም ካርቶኑን ሲያነብ የታሸገበት አገር ከበቀለበት ሊለይ እንደሚችል ልብ ይበል።