ሎደር ከኋላ ይጀምራል

ከዛሪማ ተነስቶ የሊማሊሞን ጥምዝምዝ የወጣ ተሽከርካሪ ከቆላ ወደ ደጋ ለመሻገር ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ዛሪማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,250 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ ወደ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉ ተጠርቦ የወጣው ይህ መንገድ ለሹፌር የፍሬንና የማርሽ ፈተና ነው። ለአሮጌ ትራክተር ግን ሌላም ፈተና አለው። ሽቅብ በወጣ ቁጥር ሞተሩ የሚስበው አየር እየሳሳ፣ የሚቆምበት መሬትም እያዘነበለ ይሄዳል።

ትራክተር ለሰሜኑ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። በሁመራ ሜዳ ሰሊጥና ማሽላ በትራክተር መታረስ ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ናዝሬት ላይ የትራክተር መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቋቁሟል። በደባርቅና በዳባት ደጋ ግን ገብሱም ባቄላውም ድንቹም ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የጥማድ በሬ ልፋት ነው። ማሳው ጠባብ፣ ተዳፋትና ድንጋያማ ስለሆነ ለሜዳ የተሠራ ግዙፍ ትራክተር እዚህ መዞሪያ አያገኝም።

በሬ ደግሞ ያርሳል እንጂ ሸክም አያነሳም። ፍጉን ከበረት ወደ ማሳ፣ ድንጋዩን ወደ እርከን፣ አሸዋውን ወደ ግንባታ የሚያደርሰው በብዛት የሰው ጀርባ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም የሴቶችና የወጣቶች ጀርባ። ስለዚህ አንድ አሮጌ ትንሽ ትራክተር ጠግኖ ከፊቱ ሎደር፣ ማለትም ባኬት ያለው ማንሻ ክንድ፣ መግጠም በዚህ አገር የቅንጦት ሐሳብ አይደለም። ሐሳቡ ግን ብየዳ በማወቅ ብቻ አይሳካም። ሎደሩ ከፊት ቢታይም አስተማማኝነቱ የሚወሰነው ከኋላ ባለው ክብደት ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ እንየው።

ሻንሲ የሌለው ትራክተር

የዛሬዎቹ ትንንሽ ትራክተሮች ብዙ ነገራቸውን የወረሱት ሃሪ ፈርጉሰን ከተባለው የሰሜን አየርላንድ መሐንዲስ ነው። ማረሻውን ከትራክተሩ ኋላ በሦስት ክንዶች አስሮ በሃይድሮሊክ የማንሳትና የማውረድ ዘዴን ለዓለም ያስተዋወቀ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 የተመረተችው ቲኢ20 የተባለችው ትራክተሩ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ኒውዚላንዳዊው አሳሽ ኤድመንድ ሂላሪ ጥር 4 ቀን 1958 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ የደረሰው በሦስት የፈርጉሰን ትራክተሮች ነበር። የዋልታው ከፍታ 2,835 ሜትር ነው፤ ከደባርቅ ከፍታ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ1953 የፈርጉሰን ኩባንያ ከማሴይ ሃሪስ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ በኋላ ከወጡት ትራክተሮች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ የገባው ማሲ ፈርጉሰን 135 ነው። ሦስት ሲሊንደር ያለው፣ 2.5 ሊትር የሆነ የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር አለው፤ ጉልበቱም ወደ 45 የፈረስ ጉልበት ነው። አንድ ጥማድ በሬ ሳያቋርጥ የሚሰጠው ጉልበት ወደ አንድ የፈረስ ጉልበት እንደሚጠጋ ያሰበ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

እነዚህ ትራክተሮች እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ የላቸውም። ሞተሩ፣ የፍሪሲዮኑ ቤት፣ ካምቢዮውና የኋላ አክስሉ እርስ በርስ በብሎን ተያይዘው ራሳቸው አከርካሪ ይሆናሉ። ሎደር ከሞተሩ ጎን ብቻ ከታሰረ ሸክሙ በተነሳ ቁጥር ሞተሩና ካምቢዮው የሚጋጠሙበትን ቦታ ያጥፈዋል። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ ተቀድተው የተሠሩ አካላት መጫንን እንጂ መታጠፍን አይወዱም፤ ስንጥቅ ይጀምራቸዋል። ስለዚህ የሎደሩ ፍሬም ከፊት ተነስቶ በግራና በቀኝ እስከ ኋላ አክስሉ ቤት መድረስና እዚያ መታሰር አለበት።

የደረቀ ሞተር

ለዓመታት የቆመ ሞተር ብዙውን ጊዜ አይዞርም። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከበላው ብረት ከእጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል። በፒስተኑ ቀለበትና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለው ክፍተት የፀጉር ያህል እንኳ ስለማይሆን ጥቂት ዝገት ሁለቱን ያጣብቃቸዋል። እንዲህ ያለውን ሞተር በሌላ መኪና ጎትቶ ለማስነሳት መሞከር ቀለበቱን መስበር ወይም ዘንጉን ማጣመም ነው።

ትክክለኛው መንገድ ትዕግሥት ነው። ኢንጀክተሮቹ ይፈታሉ፤ በቀዳዳቸው ናፍጣና ዘይት ተቀላቅሎ ይፈስሳል፤ ለቀናት ይተዋል። ፈሳሹ በጠባቡ ክፍተት ውስጥ ራሱን እየሳበ ይገባል። ቀጥሎም ከሞተሩ ፊት ያለው ዘንግ በቁልፍ ተይዞ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ይነቀነቃል። እንዲህም ሆኖ እምቢ ካለ ቴስታታው ተፈትቶ ውስጡ ይታያል።

የዞረ ሞተር ደግሞ ሳይነሳ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በናፍጣው መስመር የገባ አየር ነው። ኢንጀክተሩ ናፍጣ ለመርጨት ከ150 ባር በላይ ግፊት ይፈልጋል። ናፍጣ ሲገፋ አይታመቅም፤ አየር ግን ይታመቃል። በመስመሩ ውስጥ አንዲት አረፋ ካለች የፖምፓው ጉልበት አረፋዋን በማጨቅ ያልቅና ኢንጀክተሩ ሳይከፈት ይቀራል። መካኒኩ የፊልትሩን ማስተንፈሻ ብሎን ላላ አድርጎ የእጅ ፖምፓውን ሲመታ በመጀመሪያ አረፋ የበዛበት ናፍጣ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ ይጠራና ሳይቆራረጥ ይፈስሳል፤ ብሎኑ የሚጠብቀው ያን ጊዜ ነው።

በማሲ ፈርጉሰን ላይ ሳይታይ መታለፍ የሌለበት ሌላ ነገር አለ። የካምቢዮውና የሃይድሮሊኩ ዘይት አንድ ነው። ትራክተሩ ዝናብ ላይ ቆሞ ከነበረ በማርሽ ዱላው ሥር ውኃ ይገባና ዘይቱ እንደ ወተት ይነጣል። ይህ ዘይት ፖምፓውንም ጥርሶቹንም ስለሚበላ ሎደር ከመታሰቡ በፊት ወጥቶ፣ ቤቱ ታጥቦ፣ በአዲስ መተካት አለበት።

የደጋ አየር

የአየር ግፊት ዛሪማ ላይ በባሕር ወለል ካለው ወደ 86 በመቶ፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 71 በመቶ ገደማ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያቃጥለው የገባለትን አየር ያህል ነው። ስለዚህ በፋብሪካ 45 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር ዛሪማ ላይ ከ39፣ ደባርቅ ላይ ከ32 ብዙም አይርቅም። ፖምፓው ግን ከፍታ አያውቅም፤ የሚረጨው ናፍጣ ያው ነው። ያልተቃጠለው ትርፍ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ ፒስተኑንም ከልክ በላይ ያግላል። ደጋ ላይ የሚኖር ትራክተር ፖምፓው በባለሙያ ተስተካክሎ የናፍጣው መጠን ቢቀነስለት ጉልበት አይጎድልበትም፤ የሚቀርለት ኪሳራው ነው።

ውኃም ደባርቅ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ግማሽ ባር ግፊት የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ይመልሰዋል። ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር ቆላ ላይ ቢታገስ እንኳ ደጋ ላይ ቶሎ ይፈላል።

ሸክሙን የሚያነሳው ዘይት

የሎደሩን ክንድ የሚያነሳው ጃክ የሚሠራው ሹፌሮች በሚያውቁት የመኪና ክሪክ ሕግ ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል እንዳሳየው በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። ውስጡ 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጃክ ወደ 20 ካሬ ሴንቲሜትር የሚሆን ፊት አለው። 150 ባር ግፊት ሲገባለት ወደ 3,000 ኪሎ ይገፋል፤ በግራና በቀኝ ያሉት ሁለቱ ጃኮች 6,000 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ሁሉ ጉልበት ወደ ባኬቱ አይደርስም፤ ጃኩ ክንዱን የሚገፋው ከመሠረቱ አጠገብ ስለሆነ ጉልበቱ ለርዝመት ይመነዘራል። ከ6,000 ኪሎው ባኬቱ ላይ የሚተርፈው ጥቂቱ ብቻ ነው።

ፍጥነቱን የሚወስነው ደግሞ ፖምፓው በደቂቃ የሚያፈስሰው ዘይት ነው። ሁለቱ ጃኮች 50 ሴንቲሜትር እንዲዘረጉ 2 ሊትር ያህል ዘይት ይፈልጋሉ። በደቂቃ 15 ሊትር የሚያፈስስ ፖምፓ ይህን በ8 ሰከንድ ይሞላዋል። ከሞተሩ የሚወስደውም 5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። ሎደር ጉልበተኛ ሞተር አይፈልግም የሚባለው ለዚህ ነው፤ የሳሳው የደጋ አየር ለማረስ እንጂ ለማንሳት እንቅፋት አይሆንም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። በ150 ባር ግፊት ከቱቦ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ዓይን ባያየውም ቆዳ ይበሳል። የሚያፈስ ቱቦ በእጅ አይዳሰስም፤ በካርቶን ይፈተሻል። ዘይት ቆዳው ውስጥ የገባበት ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።

ስሌቱ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን ትራክተር እንውሰድ፤ 600 ኪሎው በፊት፣ 900 ኪሎው በኋላ ጎማ ላይ ያረፈ ነው። በፊትና በኋላ አክስል መካከል 1.9 ሜትር አለ እንበል። 300 ኪሎ የሚመዝን ሎደር እንገጥምና ባኬቱን 400 ኪሎ ድንጋይ እንሙላው። የሎደሩ ክብደት ከፊት አክስል ግማሽ ሜትር፣ ድንጋዩ ደግሞ 1.3 ሜትር ወደፊት ወጥቶ ያርፋል።

ክብደቱ ከፊት አክስል አልፎ ስለተንጠለጠለ ፊቱን ይጫናል፤ ኋላውንም ያነሳል፤ ልክ ልጆች ግንድ ላይ በተጋደመ እንጨት ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ሲጫወቱ እንደሚሆነው። ሒሳቡ ሲሠራ የፊት አክስሉ ከ600 ወደ 1,650 ኪሎ ገደማ ይወጣል፤ የኋላው ከ900 ወደ 550 ገደማ ይወርዳል። ለመሪ ብቻ የተሠራው ቀጭን የፊት አክስል ወደ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ክብደት ተጫነበት፤ የሚገፋውና ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማ ግን ቀለለ። ኩሽኔታ የሚሰበረው፣ መሪ የሚከብደው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ጎማው የሚንሸራተተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ከኋላ አክስሉ 90 ሴንቲሜትር ወደኋላ፣ በሦስቱ ክንዶች ላይ፣ 300 ኪሎ ድንጋይ ወይም ኮንክሪት የያዘ ሣጥን እንስቀል። የፊቱ ጫና ወደ 1,510 ይወርዳል፤ የኋላው ወደ 990 ይወጣል። ብዙ ሰው የኋላ ጎማን ውኃ መሙላት ይበቃል ብሎ ያስባል። ውኃው ለመቆንጠጥ ይረዳል፤ ነገር ግን ክብደቱ ከአክስሉ ወደኋላ ስላልወጣ የፊቱን ጫና በአንዲት ኪሎ እንኳ አይቀንስም። ፊቱን የሚያቀልለው ከኋላ አክስል አልፎ የተንጠለጠለ ክብደት ብቻ ነው።

ተዳፋቱ

የትራክተር የፊት አክስል መሃሉ ላይ ባለ አንድ ፒን እንደ ልቡ ይወዛወዛል፤ ኮረብታና ጉድባ እንዲያልፍ ታስቦ ነው። በዚህ ምክንያት ትራክተር አራት ጎማ ቢኖረውም የሚደገፈው በሦስት ነጥብ ነው፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎችና በፊቱ ፒን። ሦስቱን ነጥቦች ስናገናኝ ኋላው ሰፊ፣ ፊቱ ሹል የሆነ ሦስት ማዕዘን እናገኛለን። ከትራክተሩ የስበት ማዕከል ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ከዚህ ሦስት ማዕዘን ከወጣ ትራክተሩ ወደ ጎን መገልበጥ ይጀምራል።

የኋላ ጎማዎቹ በ1.4 ሜትር ቢራራቁ ሎደር በሌለው ትራክተር ከስበት ማዕከሉ እስከ ሦስት ማዕዘኑ ጠርዝ በየጎኑ 42 ሴንቲሜትር ያህል አለ። ሎደሩ ተጭኖ ማዕከሉ ወደ ሹሉ ጫፍ ሲገፋ 17 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀራል። የኋላው ሣጥን ሲሰቀል ወደ 28 ይመለሳል። ባኬቱ ሽቅብ ሲነሳ ደግሞ ማዕከሉ ራሱ ከፍ ስለሚል ያችው ትንሽ ስፋት በትንሽ ዝንባሌ ታልቃለች። ስለዚህ የተጫነ ባኬት ከመሬት ብዙም ሳይርቅ ይሄዳል። ዳገት በፊት ይወጣል፤ ቁልቁለት በኋላ ማርሽ ይወረዳል፤ ተዳፋት ላይ አግድም አይነዳም። መንገድ ላይ ደግሞ የግራና የቀኝ ጎማውን ለየብቻ የሚይዙት ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች አንድ ላይ ይቆለፋሉ።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ ትራክተር ሁሉ ላይ የመገልበጫ መከላከያ ብረት እንዲገጠም በሕግ አስገድዳለች። ከዚያ ወዲህ በመገልበጥ የሚሞቱ አራሾች ቁጥር ከዓመት ዓመት እየወረደ ሄዷል። ብዙዎቹ ያረጁ ትራክተሮች ይህ ብረት የላቸውም። ለሎደር ብረት የሚበይድ ባለሙያ አስቀድሞ ለሹፌሩ ሕይወት የሚሆነውን ይህን መከላከያ ከኋላ አክስሉ ጋር አጥብቆ ይግጠም፤ ቀበቶም ይጨምርበት።

ደባርቅም ዳባትም ጎንደርም ብየዳና ተርኖ የሚያውቁ እጆች ሞልተዋል። የሚጎድለው ብረት ከመቆረጡ በፊት የሚሠራው ሒሳብ ነው። ትራክተር ጠግኖ ሎደር ሊገጥም ያሰበ ሰው አራት ነገሮችን ወረቀት ላይ ይጻፍ፦ የፊት አክስሉ ሳይጫን ስንት ኪሎ እንደያዘ፣ የኋላው ስንት እንደያዘ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት፣ ባኬቱ ከፊት አክስል ምን ያህል እንደሚወጣ። ክብደቱን የመኪና ሚዛን፣ ርቀቱን ሜትር ይነግሩታል። እነዚህ አራት ቁጥሮች ከሎደሩ ክብደት፣ የፊት አክስሉ ከሚችለው ጫናና ሣጥኑ ከሚሰቀልበት ርቀት ጋር ሲሰሉ ምን ያህል ማንሳት እንደሚችልና ከኋላ ምን ያህል መስቀል እንዳለበት ያሳዩታል። መጀመሪያ የኋላውን ሣጥን ይሥራ፤ ባኬቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።