ሙቀት የተወደደበት አገር

የእንግሊዝ አገር ስም ሲነሣ ባለጸግነቱና ፋብሪካው አስቀድሞ ትዝ የማይለው አንባቢ ጥቂት ነው። በ1882 ሎንዶን ላይ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለሕዝብ የከፈተ አገር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በዚሁ አገር በ2022 ክረምት ብዙ ቤተ ሰብ «ቤቱን እናሙቅ ወይስ ራት እንብላ?» እያለ ይማከር ነበር። ነገሩ ከየት እንደ መጣ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ማተት ወደድን።

መነሻው ጋዝ ነው። ከሰሜን ባሕር ጋዝ ከተገኘ በኋላ ከ1967 እስከ 1977 ድረስ በየቤቱ ያለው ምድጃ ወደዚሁ ጋዝ ተለወጠ። ዛሬም ከ4 ቤት 3ቱ ያህል የሚሞቀው በእርሱ ነው። ነገር ግን የባሕሩ ሀብት እየመነመነ ሄዶ ከ2004 ጀምሮ አገሪቱ ከምትሸጠው የምትገዛው በለጠ። ራፍ የተባለውን ትልቁን የጋዝ ማከማቻም በ2017 ለመዝጋት ተወሰነ። ጎተራን ዘግቶ በየዕለቱ ከገበያ መሸመት፣ እህሉ ርካሽ እስከ ሆነ ድረስ፣ ብልህነት ይመስላል። በ2021 ዋጋው መውጣት ጀመረ፤ በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ደግሞ ሰማይ ነካ። እንግሊዝ ራሷ ከሩሲያ የምትገዛው ጋዝ እጅግ ጥቂት ነበር፤ ዳሩ ግን ጎረቤቶቿ ሁሉ ወደ አንድ ገበያ ስለ ወጡ ዋጋው ለእርሷም አልራራላትም።

ኦፍጌም የተባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለመካከለኛ ቤተ ሰብ የወሰነው የጋዝና የኤሌክትሪክ የዋጋ ጣሪያ በኦክቶበር 2021 በዓመት 1,277 ፓውንድ ነበር። በኤፕሪል 2022 1,971 ሆነ። ለኦክቶበር የታወጀው ግን 3,549 ነው! መንግሥት ደንግጦ ሂሳቡን 2,500 ላይ አቆመና ልዩነቱን ከግምጃ ቤት ከፈለ፤ ለየቤቱም የ400 ፓውንድ ድጎማ ጨመረ።

ነፋስ በነጻ እየነፈሰ ኤሌክትሪክ ለምን ይወደዳል ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ገበያው የሚቆመው በመጨረሻው ሻጭ ዋጋ ነው። የሰዓቱን ፍላጎት ለመሙላት አንድ የጋዝ ማመንጫ ካስፈለገ፣ ብዙውን ጊዜ የእርሱ ዋጋ የሁሉም ዋጋ ይሆናል። እህል በረንዳ ላይ በቅርቡ የተጫነውም ከሩቅ የመጣውም ጤፍ፣ ውዱ በተሸጠበት ዋጋ ይሸጥ እንደ ማለት ነው።

በኦክቶበር 2022 የኑሮ ውድነቱ ካለፈው ዓመት በመቶ 11.1 ከፍ አለ፤ በ41 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም። የመንግሥቱ የበጀት ገምጋሚ ቢሮ የሰው እውነተኛ ገቢ በሁለት ዓመት ውስጥ በመቶ 7 ይወርዳል ብሎ ተነበየ፤ የኋላ ኋላ የደረሰው ጉዳት ከዚያ አነሰ እንጂ መውረዱስ አልቀረም። ቤተ መጻሕፍትና ቤተ ክርስቲያናት የሞቀ አዳራሻቸውን ለብርዳም ሰው ከፈቱ። በዚያ የሚኖሩ ወገኖቻችን የሚጋግሩበት ምጣድ ደግሞ ኤሌክትሪክ እንዴት እንደሚበላ ለባለሙያ እመቤቶች መንገር አያስፈልገንም።

ከሁሉ ይልቅ ያሳዘነን የቆጣሪው ጉዳይ ነው። ከ4 ሚሊዮን የሚበልጥ ቤት ሂሳቡን አስቀድሞ እየከፈለ የሚጠቀምበት ቆጣሪ ነበረው፤ ይህም በአብዛኛው የድኻው ቆጣሪ ነው። ሰውዬው ወደ ሱቅ ሄዶ ካርዱን ያስሞላል፤ የሞላው ሲያልቅ ቤቱ ይጨልማል። ከባንክ ሂሳቡ በየወሩ ከሚቆረጥለት ባለገንዘብ ይልቅ ለእኩል ፍጆታ የበለጠ ይከፍል ነበር። ምንም ሳያነድ ቢውል እንኳ የዕለቱ ቋሚ ክፍያ ይቈጠርበታል፤ ስለዚህ ለሳምንት ምድጃውን አጥፍቶ የተቆጠበ ሰው ካርዱን ሲያስሞላ ከገንዘቡ ከፊሉ ለዕዳው ይሄዳል። እንዲህ ያለው ሰው «ተቆረጠበት» ተብሎ አይመዘገብም፤ ራሱ አጠፋ ይባላል እንጂ። በ2023 መጀመሪያ ላይ የኩባንያ ወኪሎች የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዘው የባለ ዕዳዎችን በር እየሰበሩ ይህንኑ ቆጣሪ ሲተክሉ መገኘታቸው በጋዜጣ ወጣ፤ በግዳጅ መትከሉም ለጊዜው ታገደ።

በድኻው ቆጣሪ ላይ የነበረው ብልጫ ዋጋ በጁላይ 2023 ተነሣ። የዕለቱ ቋሚ ክፍያ ግን ከዚያም በኋላ ቀጠለ፤ በኤፕሪል 2025 ጣሪያው 1,849 ፓውንድ ነበር።