ሽማግሌ ካስታረቀ በኋላ ፍርድ ቤት ለምን?

ወሎ ውስጥ በዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በዳኝነት ሳገለግል፣ የሟች ወገኖች ሳይቀሩ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ነበር። «ጌታዬ፣ እኛ ታርቀናል፤ ካሳው ተከፍሏል፤ ደሙ ደርቋል። ታዲያ ዐቃቤ ሕግ ልጁን ለምን አይለቀውም?»

ጥያቄያቸው እውነት አለው። ነፍስ ሲጠፋ አባጋር የሚባሉት አስታራቂ ሽማግሌዎች የሚይዙትን ሥርዓት አዋጅ አልወለደውም። የገዳይና የሟች ወገን በአንድ ገበያ መገናኘቱ ስለማይቀር፣ በቀሉ ለልጅ ልጅ እንዳይተርፍ አባቶች ያበጁት ሕግ ነው። የሃይማኖት ሕግም አለን። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ተዘጋጅቶ በኋላ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ ለዘመናትም የነገሥታቱ ችሎት ተመርቶበታል። ሙስሊሙ ደግሞ ጋብቻና ውርሱን ዛሬም በሸሪዓ ፍርድ ቤት መዳኘት ይችላል።

የመንግሥት ሕግ በዘመናዊ መልኩ የተደራጀው ዘግይቶ ነው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ አረቀቁ። የፍትሐ ብሔሩ ሕግ በቁጥር 3347 የሸፈናቸውን ጉዳዮች የሚመለከተውን የልማድ ሕግ ሻረ። ችኮላ ነበር እላለሁ፤ ሕዝቡ የኖረበትን በአንድ አንቀጽ አይተወውም።

የፍትሐ ብሔር ክርክር የባለጉዳዮቹ ነው፤ ከፈለጉ ይታረቃሉ። በወንጀል ግን ከሳሹ መንግሥት ነው። ስለዚህ የሟች ቤተሰብ የራሱን ቂም ይተዋል እንጂ የመንግሥትን ክስ መተው አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በር የከፈተው በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ነው፤ ያውም ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ።

ይህን ወሰን እደግፋለሁ። የነፍስ ጉዳይ በካሳ ብቻ ቢያልቅ ሀብታም ገድሎ ከፍሎ ይሄዳል። በአንዳንድ አካባቢ ለዕርቅ ተብላ የምትዳር ልጃገረድም ነበረች፤ እሷን ማን ጠየቃት? ሆኖም ዕርቁን ከቁም ነገር የማይቆጥር ዳኛ እስራቱን ጨርሶ የሚወጣውን ሰው ለደመኛ አሳልፎ ይሰጣል።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይደነግጋል፤ ከልብ መጸጸትንና መካስን ግን ቅጣት ማቅለያ አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ዕርቁን በቃል አትተዉት። በጽሑፍ አስፍሩ፣ ሁለቱንም ወገን አስፈርሙ፣ ቅጣት ሳይወሰን ለችሎቱ አቅርቡ።