የትምባሆ ሱስ ሕክምናን ከአእምሮ ጤና አገልግሎት ጋር ማቀናጀት፦ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢዎች

የአእምሮ ሕሙማንን ለመከታተል በሚያዘው ካርድ ላይ የእንቅልፍ፣ የምግብ ፍላጎትና የመድኃኒት አወሳሰድ ሁኔታ ሲመዘገብ፣ የትምባሆ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ለዚህም አንዱ ምክንያት «ያለችው ማረፊያ እርሷ ብቻ ናት፤ ቢተዋት ሕመሙ ይብስበታል» የሚለው አስተሳሰብ ነው። ይህ ጽሑፍ አስተሳሰቡን በመመርመር፣ የትምባሆ ሱስ ሕክምና በመደበኛው የአእምሮ ጤና ክትትል ውስጥ እንዴት ሊካተት እንደሚችል ያብራራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት፣ በኢትዮጵያ ትምባሆ የሚጠቀሙት አዋቂዎች 5 በመቶ (ወንዶች 8.1፣ ሴቶች 1.8 በመቶ) ነበሩ። አኃዙ ዝቅተኛ ቢመስልም ሱሱ ጫትና አልኮል በሚዘወተርበት፣ እንዲሁም የአእምሮ ሕመም ባለበት ዘንድ ይበረታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የቡታጅራ የ10 ዓመት ክትትል ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዕድሜ በ30 ዓመት ገደማ እንደሚያጥርና ከሞቱ ምክንያቶች ግማሽ ያህሉ ተላላፊ በሽታዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ማጨስ ለሳንባ ነቀርሳ የሚያጋልጥ በመሆኑ በእነዚህ ሕሙማን ዘንድ ችላ ሊባል አይገባውም።

የአካባቢው ሁኔታ

የመተማና የቋራ ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው በሚመጡ ወቅታዊ ሠራተኞች ይሞላሉ። ከቤተሰብ መራቅ፣ አድካሚ ሥራ፣ ወባና ካላዛር የእነዚህ ሰዎች የዕለት ተዕለት ፈተናዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ የሱዳኑን ጦርነት የሸሹ ስደተኞችና ተመላሾች በመተማ በኩል ገብተዋል። በሱዳን ከከንፈር ሥር የሚያዘው ቱምባክ የተለመደ ሲሆን፣ በአገራችንም ሱረትና ጋያ አሉ። ስለዚህ «ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ አይደለም፤ የሚታኘከው፣ በከንፈር የሚያዘውና በአፍንጫ የሚሳበውም ሊጠየቅ ይገባል።

ማቆም ሕመሙን ያባብሳልን?

ኒኮቲን ሲቋረጥ ብስጭት፣ ጭንቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና ድብርት ይከተላሉ። ምልክቶቹ በመጀመሪያው ሳምንት በርትተው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይቀንሳሉ። ሕመምተኛው ሲያጨስ የሚሰማው እፎይታ በአብዛኛው የእነዚህ ምልክቶች መታገሥ እንጂ የሕመሙ መሻል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2014 የ26 ጥናቶችን ውጤት ያጠቃለለ ምርምር፣ ማጨስ ያቆሙ ሰዎች ጭንቀትና ድብርት ማጨስ ከቀጠሉት ይልቅ መቀነሱን አመልክቷል፤ የአእምሮ ሕመም ባለባቸውም ዘንድ ውጤቱ ተመሳሳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነውና ግማሽ ያህሉ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 8,144 አጫሾች የተሳተፉበት ሙከራም፣ ቫሬኒክሊንና ቡፕሮፒዮን ከኒኮቲን ልጥፍ ወይም ከማስመሰያ መድኃኒት ይልቅ የአእምሮ ጉዳትን በጉልህ እንዳልጨመሩ አረጋግጧል።

የመድኃኒት ጥንቃቄ

በትምባሆ ጢስ ውስጥ ያሉ ሃይድሮካርቦኖች ሲዋይፒ1ኤ2 የተባለውን የጉበት ኢንዛይም ያነቃቃሉ። በዚህም ምክንያት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ በመጠኑም ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶል፣ ከአጫሹ ሰውነት ፈጥነው ይወገዳሉ። ለምሳሌ አንድ የቀን ሠራተኛ ተኝቶ ሲታከም ማጨስ ቢያቋርጥ፣ ያው የኦላንዛፒን መጠን ከልክ በላይ ሊያስተኛው ይችላል። መጠኑ ተቀንሶለት ወደ እርሻው ተመልሶ ማጨስ ቢጀምር ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽበት ይችላል። ለውጡን የሚያመጣው ጢሱ እንጂ ኒኮቲኑ ስላልሆነ፣ ልጥፍ መጠቀም ይህን አይከላከልም፤ ቱምባክ ብቻ የሚጠቀምም ሰው በዚህ ረገድ እንደ አጫሽ አይታይም።

ቡፕሮፒዮን የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው አይሰጥም። በጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል ከሚከታተሉት መካከል የሚጥል በሽታ ያለባቸው በርካታ በመሆናቸው ይህ ሁልጊዜ መታሰብ አለበት። የአልኮል መጠጥን በድንገት ላቋረጠም እንዲሁ የተከለከለ ነው።

በተግባር

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በጤና ተቋማት ከ30 ሴኮንድ እስከ 3 ደቂቃ የሚወስድ አጭር ምክር በመደበኛነት እንዲሰጥ ያሳስባል። የኒኮቲን ልጥፍና ማስቲካ፣ ቫሬኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮንና ሳይቲሲንንም ይደግፋል። መድኃኒቶቹ በሌሉበት ጤና ጣቢያም ምክሩ ዋጋ አለው። በአእምሮ ጤና ክትትል የሚከተሉት ቢፈጸሙ ይበጃል፦

1. በእያንዳንዱ ቀጠሮ የትምባሆ አጠቃቀምን፣ ዓይነቱንና መጠኑን መጠየቅና በካርዱ ላይ መጻፍ፤ ከእንቅልፍ በነቃ በ30 ደቂቃ ውስጥ የሚያጨስ ሰው ሱሱ የጠና ነው።
2. ያለ ወቀሳ፣ ከሕመሙ ጋር አያይዞ ግልጽ ምክር መስጠት።
3. ፈቃደኛ ከሆነ የሚያቆምበትን ቀን አብሮ መወሰን፤ የመጀመሪያውንም ቀጠሮ በ1 ሳምንት ውስጥ ማድረግ።
4. ከማቆሙ በፊትና በኋላ የመድኃኒቱን መጠን መከለስ፤ የማቋረጥ ምልክቶችንም ከሕመሙ ማገርሸት ለይቶ ማየት።
5. ሠራተኛው ወደ ትውልድ ወረዳው ሲመለስ የመድኃኒት መጠኑንና የትምባሆ ሁኔታውን የያዘ ማስተላለፊያ ወረቀት መስጠት።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በጤና ተቋማት ውስጥ ማጨስን ይከለክላል። ተኝቶ የሚታከም አጫሽ በዚህ ምክንያት በግድ ስለሚያቋርጥ፣ የሚደርስበት መታወክ እንደ ሕመም ታይቶ ሊታከም እንጂ እንደ ጠባይ ጉድለት ተቆጥሮ ሊገሠጽ አይገባውም።

በአጠቃላይ፣ የትምባሆ ሱስን ማከም አዲስ ክፍልም ሆነ ልዩ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሕመምተኛው በአንድ ወቅት መጥቶ በሌላው በሚሄድበት ቆላ፣ ክትትሉን የያዘው ነርስ ወይም ጤና መኮንን ጥያቄውን ዛሬ ካላነሣው የሚያነሣው ሌላ ሰው ላይገኝ ይችላል።